ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ

ሠላሳ አንደኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ እርሳሷ ቆመ።

እስከዚያ ድረስ በጥሩ ፍጥነት ነበር የመጣችው። አዳራሹ ውስጥ ሦስት መቶ ያህል ተፈታኞች አንገታቸውን ደፍተዋል። ፈታኙ በወንበሮቹ መሀል ኮቴያቸውን ሳያሰሙ ይመላለሳሉ። አዳሪ ትምህርት ቤቱ ከዚህ ሁሉ ሰው የሚወስደው አርባ ተማሪ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሁለተኛው ምንባብ ላይ ሲያላባቸው እሷ ሦስተኛውን ገልጣ ነበር።

ምስጢሩ ቀላል ነው፤ ምንባቡን አታነብም። የማጠናከሪያው አስተማሪ ጠዋት ጠዋት የሚደጋግሙላቸው ይህንኑ ነበር። «ምንባብ ቁጭ ብሎ ማንበብ ጊዜ መግደል ነው። መጀመሪያ ጥያቄውን እዩ፣ ቁልፍ ቃሉን ያዙ፣ ከዚያ ወርዳችሁ ላፍ!» ሌሎቹ ላፍ ሲሉ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። እሷ ግን ስታ አታውቅም። አስተማሪው «ጭልፊት» አሏት፤ ስሙ ክፍሉን አዳርሶ ሰፈር ገባ፣ በመጨረሻም እናቷ አፍ ላይ አረፈ። እውነቱን ለመናገር እሷም ትወደው ነበር።

ሦስተኛው ምንባብ ደብዳቤ ነው። አንድ ሽማግሌ ለድሮ ጎረቤታቸው ይጽፋሉ። ጥያቄው ደግሞ «ጸሐፊው ደብዳቤውን የጻፉበት ዋና ምክንያት ምንድን ነው?» ይላል። ሀ፣ ሰላምታ ለማቅረብ። የመጀመሪያው አንቀጽ ሰላምታ ብቻ ስለሆነ «ሀ»ን ልታጠቁር እርሳሷን አስጠጋች። ግን እንዲህ እጅ ላይ የሚወድቅ መልስ ወጥመድ ነው ተብላለችና ዓይኗን ወደ ታች ላከች። ሽማግሌው ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናብ ሲያወሩ ቆይተው መጨረሻው ሁለት መስመር ላይ ቤቱን ሊለቁ መሆኑን፣ ውሻቸውን የሚረከብላቸው ሰው ማጣታቸውን ጽፈዋል።

እርሳሷ እዚህ ላይ ነው የቆመው። የዛሬ ሦስት ሳምንት እነሱም ቤት ሁለት ገጽ ደብዳቤ መጥቶ ነበር።

እናቷ ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ናት። ፊደል አልተማረችም፤ ቁጥር ግን ማንም አይቀድማትም፣ ልብሶቹ ላይ የተሰፋውን ምልክት ከሩቅ ታነበዋለች። ከአንዲት እህቷ ጋር ከተኮራረፉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ጠቡ የእናታቸው የስፌት መኪና ነው፤ አክስትየው ሳትጠይቃት ሸጠችው። ያን ቀን ለሥራ ወደዚህ ሰፈር የምትመላለስ የአክስትየው ጎረቤት ሸሚዝ ልታስተኩስ መጥታ ደብዳቤውን ሰጠቻት። እናቷ እስከ ቤት ድረስ ደረቷ ውስጥ ይዛው መጣች።

ልጅቷ የመለማመጃ ጥያቄ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ሰዓት ሞልታ ተቀምጣ ነበር። ደብዳቤውን ተቀበለችና ጫፉን አየች። «እህት ዓለም፣ ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ…» ይላል። ከዚያ ወርዳ ላፍ።

«ሰላም ብላሻለች እማ። ደህና ነኝ ነው የምትለው።»

«ሁለት ገጽ ሙሉ?»

«የደብዳቤ ነገር ታውቂው የለ፣ ይደጋግማል።»

እናቷ ጎንበስ ብላ ጣቷን ሁለተኛው ገጽ ላይ አሳረፈች። «ይሄ አሥራ ስምንትስ?»

«የተጻፈበት ቀን ነዋ።»

«ዛሬ እኮ ገና ስምንት ነው።»

«ያለፈው ወር ነዋ እማ፣ ሰዓቴ እየሄደ ነው!»

«ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ እዚህ ለመድረስ ሃያ ቀን?» አለች እናቷ። ልጅቷ ወደ ጥያቄዋ ስትመለስባት ወረቀቱን አጠፈችው። «የመኪናውን ነገር አላነሳችም?»

«አላነሳችም።»

«እሷ ካላነሳች እኔ ምን አገባኝ።» ደብዳቤውን መርፌና ክር የምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችው። ባለፈው ሳምንት ያችው ጎረቤት መጥታ ሸሚዟን ስትወስድ ሰላምታዋን እንኳ እንደነፈገቻት እናቷ ስትናገር፣ «ምን በደልኳት?» ብላ ግራ ተጋብታ ነበር።

አሁን ልጅቷ የሽማግሌውን ደብዳቤ ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ እስከ መጨረሻው አነበበች። ሦስት ጊዜ። ለምን ሦስት ጊዜ እንዳነበበችው ራሷም አታውቅም። ፈታኙ «እርሳስ አስቀምጡ» ሲሉ የመጨረሻዎቹ አምስት ጥያቄዎች ሳይነኩ ቀርተዋል።

ደጅ ላይ ጓደኛዋ ክንዷን ያዘቻት። «ጭልፊት! ቀወጥሽው አይደል?»

«አሪፍ ነበር» አለች፣ ሳታያት።

ቤት ማንም አልነበረም። ቆርቆሮውን ከፈተችና እንደቆመች አነበበች።

«…ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ ብዬ ጀመርኩ እንጂ ደህናስ አይደለሁም። የእማዬን መኪና ሳልጠይቅሽ መሸጤ ጥፋቱ የኔ ነው። ይህቺን ቃል ለመጻፍ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አንገቴ ላይ ያለው እብጠት ይውጣ ተብሎ በ18 ጠዋት ሆስፒታል እገባለሁ። አብሮሽ የሚሆን ሰው ይዘሽ ነይ ብለውኛል። ያ ሰው አንቺ ብትሆኚልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ካልመጣሽም አልቀየምሽም፣ ቁርጤን አውቃለሁ።»

ቀኑ ሃያ ዘጠኝ ነው።

ፊቷ ነደደ። ማንም አላያትም፤ እሷ ግን መግቢያ ቀዳዳ ጠፋት። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ የሚያኮራ አልነበረም። እናቷ ፊደል አታውቅ፣ ወረቀት አፍ የለው፤ ቆርቆሮውን መክደን ነው። ደግሞም «ሁለተኛው ገጽ ተጣብቆ ነበር፣ አሁን ነው ያየሁት» ማለት ይቻላል። ይህ እንዲያውም የሚታመን ውሸት ነው። ክዳኑን በእጇ ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ ደብዳቤውን ኪሷ ከታ ወጣች።

ላውንደሪ ቤቱ በእንፋሎት ታፍኗል። እናቷ የነጭ ሸሚዝ ኮሌታ ላይ ውሃ እየረጨች ቀና አለች።

«መጣሽ? እንዴት ሆነልሽ፣ የኔ ጭልፊት?»

ያቺ ስም እንደዚያ ቀን አስጠልታት አታውቅም። «የአክስቴን ደብዳቤ ላነብልሽ ነው የመጣሁት።»

«አንብበሽልኝ የለ እንዴ?»

«አላነበብኩትም እማ። ጫፉን አይቼ ነው የነገርኩሽ።»

እናቷ ካውያውን አቆመችው። ልጅቷ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ጣቷን መስመሩ ላይ እያስኬደች፣ ቃል ሳትዘል ጀመረች። የስፌት መኪናው ጋ ስትደርስ እናቷ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ሁለተኛውን ገጽ ገለጠች። የእናቷ ጣት ከላይ መጥቶ ቁጥሩ ላይ አረፈ።

«አሥራ ስምንት» አለች እናቷ በቀስታ። «ይቺ ነበረች። ምን ትላለች?»

አነበበችላት። እስከ ቁርጤን አውቃለሁ ድረስ።

እናቷ አልጮኸችም። ብትጮህባት ይቀላት ነበር። የካውያውን ሶኬት ነቀለች፣ ሽርጧን ፈታ አራት ላይ አጠፈችው፣ ለባለቤቱ «እህቴ ታማለች» አለችና ወጣች። ልጅቷ ተከተለቻት።

አክስቷ ቤት በሁለት አውቶቡስ ነው የሚኬደው። የመጀመሪያው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እናቷ በመስኮት ትመለከታለች፤ ልጅቷ የእናቷን እጆች ትመለከታለች። ካውያ ያቃጠላቸው ጠባሳዎች ብዙ ነበሩ። ሁለተኛው አውቶቡስ ላይ እናቷ ፊቷን ሳትመልስ ተናገረች።

«አንቺ ምንም እንዳትይ። የሚያነብልኝ ሰው አጥቼ ነው እላታለሁ።»

ልጅቷ መጀመሪያ ቅልል አላት። አክስቷ ሳታውቅ ልትቀር ነው፣ ዘመድ ሁሉ ሳያውቅ ልትቀር ነው። ሁለት ፌርማታ ያህል በዚሁ እፎይታ ሄደች። ከዚያ ግን የእናቷ ቃል ቀስ እያለ ገባት፣ ውስጥ ውስጡን ይበላት ጀመር። እናቷ ልትሸፍናት ብላ የፈጠረችው ውሸት፣ ውሸት አልነበረም።

«አይ እማ» አለች። «እኔ ነኝ የምነግራት።»

«ልጄ፣ ትቀየምሻለች።»

«ትቀየመኝ።»

እናቷ ያን ጊዜ ነው ዞር ብላ ያየቻት። ወደ መስኮቱ ጠጋ አለችና ቦታ ለቀቀችላት፣ በአገጯም ወደ ልጅቷ ኪስ አመለከተች።

ልጅቷ ደብዳቤውን አወጣች። አውቶቡሱ ይንገጫገጫል፣ መስመሮቹ ዓይኗ ሥር ይዘላሉ። ጣቷን የመጀመሪያው ቃል ላይ አስቀመጠች።

«እህት ዓለም» ብላ ጀመረች።