ቅዳሜ የሚለው ላፕቶፕ

ሉፔን ያገኟት ልብስ ሊያጥቡ የወረዱ ሴቶች ናቸው። ማክሰኞ ማለዳ፣ ከመንደሩ በታች ባለው ምንጭ ውስጥ በግንባሯ ተደፍታ። ማጅራቷ ላይ ቁስል ነበር። ደሙን ውሃው አጥቦ ጨርሶታል።

በፋጋቶሎ መንደር ሰው አይገደልም አልልም። ሰው ባለበት ሁሉ ሰው ይገደላል። ግን በዚያ ምንጭ? ሕፃናት በሚታጠቡበት? መንደሩ ቀኑን ሙሉ ሲያንሾካሹክ ዋለ። እናቶች ልጆቻቸውን ከደጅ ሰበሰቡ።

ሳጅን ማታሌና ረቡዕ ጠዋት ምርመራዋን ስትጀምር መንደሩ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት። ገዳዩ ባሏ ሮፓቲ ነው፣ አለቀ፣ ደቀቀ። ሮፓቲ ከሌላ መንደር መጥቶ በሚስቱ ቤተሰብ መሬት ላይ የሚኖር ስልክ ጠጋኝ ነው። እንዲህ ያለ ባል በሳቫዪ ደሴት ምድጃ ያነዳል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ አለቆች ሲያወሩ ዝም ይላል። አጠፋ ሲባል ደግሞ የሚሟገትለት የለም።

"ቀትር ላይ ጉባኤ እንቀመጣለን" አሏት ፌቱ። የሟች አጎት ናቸው፤ የእናቷ ወንድም። "ከመንደሩ ይባረራል። ቤቱ ይቃጠላል። ልጃቸው ላኑ ግን የእኛ ደም ናት፤ እዚሁ ትቀራለች።"

"ምርመራው ገና አላለቀም እኮ አባቴ።"

"መርምሪ ልጄ፣ ማን ከለከለሽ? እስከ ቀትር መርምሪ።"

"ለምን ይገድላታል?"

"ቅናት ነዋ! ማታ ማታ በላፕቶፑ ኦክላንድ ካለ ሰው ጋር ታወራ ነበር። ኢንተርኔቱን ቆረጠባት። አልበቃ ሲለው እሷን ቆረጣት። ላፕቶፑን ጠይቂው፣ እሱ ይነግርሻል።"

ማታሌና ሮፓቲ የታሰረበትን የፖሊስ መኪና አየች። ከመኪናው ጎማ አጠገብ የአምስት ዓመቷ ላኑ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሦስት ጊዜ ወደ ቤት ወስደዋት ሦስት ጊዜ ተመልሳለች።

ላፕቶፑን ይዛ እዚያው መኪናው አጠገብ ተቀመጠች። ጣቢያ ውስጥ ኮምፒውተር ሲበላሽ የሚጠራው እሷን ነው፤ ሥራውን አሳምራ ታውቀዋለች። መጀመሪያ ስልኳን ሞከረች። ከሟች እናት ቤት የሚመጣው ዋይፋይ ስልኳ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየ። ስለዚህ ጥፋቱ ከመስመሩ አይደለም። ላፕቶፑን አጥፍታ አበራችው። ምንም የለም። ምልክቱ ራሱ ከማያ ገጹ ጠፍቷል። የላፕቶፑን ክፍሎች ዝርዝር ከፈተች። ድምፁ አለ፣ ካሜራው አለ። ዋይፋዩ ግን ፈጽሞ እንዳልተፈጠረ ሆኗል።

"ድራይቨሩ ተነቅሏል" አለች ለራሷ። ድራይቨር ላፕቶፑን ከዋይፋዩ ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም ነው። እሱ ከሌለ ዕቃው እያለ እንደሌለ ነው። ይህ ደግሞ በራሱ አይጠፋም። የሰው እጅ ይፈልጋል፤ የሚያውቅ እጅ።

ላፕቶፕ የተደረገበትን ሁሉ ይመዘግባል። ማታሌና ታሪኩን ከፍታ አነበበች። ድራይቨሩ የተነቀለው ቅዳሜ ነው፤ በምሽቱ የጸሎት ሰዓት።

"ሮፓቲ፣ ቅዳሜ ማታ ጸሎት ላይ ነበርክ?"

ሮፓቲ ቀና አለ። ዓይኑ አብጧል። "አልነበርኩም። አሞኝ ቤት ተኝቼ ነበር።"

"ብቻህን?"

"ብቻዬን።"

"ላፕቶፑስ?"

"እኔ ጋ ነበር። ዋይፋዩ አልያዝ ብሏት ስለነበር ድራይቨሩን አደስኩላት። ከዚያ ሠራ።"

"እኔ የማየው ሌላ ነው። በዚያው ሰዓት ነቅለኸዋል።"

"ለምን እነቅላለሁ? አድሼ ስነቅል አብጃለሁ እንዴ?"

"ቀንተህ።"

"በማን? ከአክስቶቿ ጋር ነው የምታወራው! አያቷ ከሞቱ ወዲህ አለቅነቱን ማን ይውረስ እያሉ ነው። ሽማግሌው ነፍሳቸው ሊወጣ ሲል ተናዝዘውላታል። ቃላቸውን በላፕቶፑ ቀድታለች። ሰኞ ማታ ኦክላንድ ያለው ዘመድ ሁሉ ሲሰበሰብ ልታሰማቸው ነበር።"

"ማንን ነው የሾሙት?"

"አልነገረችኝም። ኑዛዜ ቤተሰቡ ሁሉ ባለበት ነው የሚከፈተው። ለእኔም፣ ለእናቷም፣ ለማንም ትንፍሽ አላለች።"

"ሰኞ ማታ አንተ የት ነበርክ?"

"ከስልክ መጠገኛ ሱቄ ስመለስ አውቶብሱ ተበላሸ። በእግሬ መጣሁ።"

"ያየህ ሰው አለ?"

ያየው ሰው አልነበረም።

ነገሩ ሁሉ ወደ እሱ ያመለክት ነበር። ለማታሌና ግን አልተዋጠላትም። ሰውየው ዋሽቶ ራሱን የማያድን ውሸታም ነው? አሞኝ ብቻዬን ነበርኩ ብሎ፣ ላፕቶፑ እኔ ጋ ነበር ብሎ፣ ነገሩን ሁሉ በራሱ አንገት ላይ ያስራል? እንዲህ ያለ ውሸታም አይታ አታውቅም።

ቀትር እየቀረበ ነው። እዚያ ማዶ አለቆቹ አንድ በአንድ ወደ ጉባኤው ቤት ሲገቡ ታያቸዋለች።

ያለ ኢንተርኔት ድራይቨር አይወርድም። እሷ ግን ለዚህ ዓይነቱ ነገር የምትይዛት ፍላሽ ነበራት። ሰክታ ድራይቨሩን መልሳ ጫነች። ምልክቱ ብቅ አለ። ዋይፋዩ ያዘ። ሥራዋ መመዝገቡን ለማየት ታሪኩን እንደገና ከፈተች።

ተመዝግቧል። ሰዓቱ ልክ ነው። ቀኑ ግን ማክሰኞ ይላል።

ማታሌና ስልኳን አየች። ረቡዕ። ላፕቶፑን አየች። ማክሰኞ።

ወደ ላይ ፈልጋ የሮፓቲን ጥገና አገኘችው። ድራይቨሩ የታደሰው አርብ ማታ ነው ይላል። አርብ ማታ ሮፓቲ ሱቁ ነበር፤ ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

"ይህን ላፕቶፕ ከየት አመጣችው?"

"ጋሽ ፌቱ ናቸው የሰጧት። ፓጎ ፓጎ ቢሮ በኮምፒውተር ሲሠሩ ኖረው ሲመለሱ ይዘውላት መጡ።"

ፓጎ ፓጎ! የጎረቤት ደሴት ከተማ ናት፤ ሰዓቷ ከእኛ ሰዓት እኩል ነው፤ የቀን መለያው መስመር በመካከላችን ስለሚያልፍ ግን ቀኗ በአንድ ቀን ወደ ኋላ ነው። እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እዚያ ያሉት የአክስት ልጆቻችን ገና ቅዳሜ ገበያ ናቸው። ላፕቶፑ የመጣበትን አገር ቀን እንደያዘ ቀርቷል። ሰዓቱ ስለማይሳሳት ማንም ልብ አላለውም።

"እሑድ ማታ ጸሎት ላይስ የት ነበርክ?" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"እማማ ሳሎሜ ቤት። ተሽሎኝ ነበር። መዝሙሩን እኔ ነኝ ያነሳሁት። ሁላችንም ነበርን።"

"ላፕቶፑ?"

"ቤታችን፣ ጠረጴዛ ላይ።"

በጸሎት ሰዓት ደወል ሲደወል በፋጋቶሎ እግር ይታሰራል። መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ቤተሰቡን በአሳማ ያስቀጣል፣ ከቅጣቱም ሐሜቱ ይብሳል። በዚያ ሰዓት የሚንቀሳቀሱት መንገዱን የሚጠብቁት አለቆች ብቻ ናቸው።

ማታሌና ላፕቶፑን ይዛ ወደ ሟች እናት ሮጠች። እማማ ሳሎሜ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ባዶ ግድግዳ ያያሉ።

"እማማ፣ ሰኞ ማታ ሉፔ መቼ ነው የወጣችው?"

"ከጸሎት በኋላ። ነገርኩሽ እኮ።"

"እማማ፣ ላኑ አባቷን ልታጣ ነው። ያላጠፋ አባቷን።"

አሮጊቷ ዓይናቸውን ከግድግዳው ነቀሉ።

"በጸሎቱ መሃል ነው" አሉ በመጨረሻ። "ኢንተርኔቱ እምቢ አለኝ፣ ኑዛዜውን በፍላሽ ይዤ ከምንጩ ማዶ ትምህርት ቤት ካለው ኮምፒውተር እልካለሁ ስትል ከለከልኳት። እሺ ብላ ተቀመጠች። ዓይኔን ስገልጥ የለችም። ልጄ ሕግ ጥሳ ሞተች እንዴት ልበል? ስሟን ልሸፍንላት ብዬ ነው።"

ስሟን ሲሸፍኑ ገዳይዋን ሸፈኑት። ማታሌና ይህን አልተናገረችም። እጃቸውን ይዛ አስነሳቻቸው።

አለቆቹ በየምሰሷቸው ተደግፈው፣ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። የጉባኤው መጠጥ ካቫው ተጠጥቶ አልቋል። ማታሌና ከደፉ ላይ ተቀመጠች።

"አባቶቼ፣ ከፍርዱ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። በጸሎት ሰዓት ከሉፔ ቤት እስከ ምንጩ ያለውን መንገድ የሚጠብቀው ማነው?"

"እኔ ነኝ" አሉ ፌቱ። "ለብቻዬ።"

"ሰኞ በዚያ ሰዓት ማንም አላለፈም?"

"ዝንብ አያልፈኝም።"

"እሑድስ?"

"እሑድም ቢሆን! ከተመለስኩ ጀምሮ ያላለፈኝ ሰው እሑድ ያልፈኛል? ምን ለማለት ነው?"

"ላፕቶፑ ከኢንተርኔት የተቆረጠው እሑድ ነው፤ በጸሎት ሰዓት። ባልየው በሰው ሁሉ ፊት መዝሙር ሲያነሳ።"

አንድ ሽማግሌ "ቅዳሜ አልተባለም እንዴ?" አሉ።

"የፓጎ ፓጎ ቅዳሜ ነው፣ አባቴ።"

ከዚያ በላይ ማስረዳት አላስፈለጋትም። በዚያ ቤት ፓጎ ፓጎ ዘመድ የሌለው ሰው የለም፤ በማግስቱ ለልደቱ "እንኳን ተወለድክ" ያልተባለ የለም። ጭንቅላቶች ቀስ ብለው ወደ ፌቱ ዞሩ።

"ሰኞም ልጄ በጸሎቱ መሃል ወጥታለች" አሉ እማማ ሳሎሜ ከደጅ። "ባንተ በኩል ነው የወጣችው፣ ወንድሜ። ሌላ መንገድ የለም።"

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ፌቱ ዝንብ አያልፈኝም ያሉት ራሳቸው ናቸው። ያለፈ ከሌለ እሑድ የሉፔ ቤት የገባ እሳቸው ብቻ፤ ሰኞ ሉፔን ያገኛት እሳቸው ብቻ።

ከዚህ በኋላ አንቱታውን ትቼዋለሁ።

ፌቱ ዙሪያውን አየ። ዓይኑን ያልሰበረ አንድ ሰው አላገኘም።

"ልገድላት አልነበረም" አለ።

"ኑዛዜውን ለማጥፋት ነው የገባኸው?" አለችው ማታሌና።

"ፈለግኩት፣ ግን የት እንደደበቀችው አጣሁት። ላፕቶፑን ብሰርቅ ይታወቃል። ኢንተርኔት ቢጠፋ ግን ማን ይገረማል? ስብሰባው ካለፈ ወዲያ የአባቴ የአለቅነት ስም የእኔ ነው፤ ከእኔ በላይ ታላቅ የለም። ሰኞ ፍላሽ በእጇ ይዛ ስትሮጥ አገኘኋት። ፍላሿን ስጪኝ አልኳት። ስቃ፣ አጎቴ፣ ነገ ታመሰግነኛለህ አለችኝ። ሳቀችብኝ! በትሩ በእጄ ነበር።"

"ለምን?" አለ አንድ ሰው፤ የለቅሶ ያህል።

"ለምን? አባቴ እኔ ፓጎ ፓጎ ስለቀረሁ ዓሥር ዓመት ያኮረፈ ሰው ነው! እያለሁ እሷን ጠርቶ ተናዘዘላት። ስሜን ለሷ ሰጣት። ለእሷና ለመጤ ባሏ።"

"ኑዛዜውን ሰምተኸዋል?" አለችው ማታሌና።

"መስማት አያስፈልገኝም።"

ዋይፋዩ እንደያዘ ከላፕቶፑ መልእክት ወጥቶ ነበር። ሉፔ ሰኞ ልትልከው ሞክራ ተይዞ የቀረ። ማታሌና እዚያ ላይ ነው ኑዛዜውን ያገኘችው። ላፕቶፑን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ከፈተችው።

የሽማግሌው ድምፅ የተቆራረጠ ነበር። ሳሉ፤ ውሃ ጠየቁ። ከዚያ እንዲህ አሉ።

"ስሜን ለፌቱ ሰጥቻለሁ። አኩርፌው ነበር። ልጄ ነው፤ ይበቃል። አንቺ ሉፔ፣ ሁሉም ሲሰበሰቡ ንገሪያቸው። እሱ ፊት አልነግረውም፣ አፍራለሁ።"

ፌቱ እጁን ዘርግቶ ላፕቶፑን ሊነካው ሲል ማታሌና ወደ ራሷ ሳበችው። ካቴናውን ስታስገባለት አልተወራጨም። እስከ መኪናው ድረስ "ነገ ታመሰግነኛለህ፣ ነገ ታመሰግነኛለህ" ይል ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የሉፔ ቤተሰብ በሙሉ፣ አለቆቹ ጭምር፣ በሮፓቲ ደጅ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ በክብር ምንጣፍ ተሸፍነው። በእኛ ዘንድ ገዳይ የወጣበት ቤተሰብ ይቅርታ የሚለምነው እንዲህ ነው። የተበደለው ከፈለገ ምንጣፉን ያነሳል። ካልፈለገ ይተዋቸዋል፣ ከከፋም ይመታቸዋል። መንደሩ ግን ለመጤ ባል እንዲህ ሲቀመጥ አይቶ አያውቅም።

ሮፓቲ ላኑን ታቅፎ በሩ ላይ ቆመ። ፀሐይ ወጣች፤ ሞቀች። ከምንጣፉ ሥር የሰው ሳል ይሰማል። ማታሌና ከመንገዱ ማዶ ታያለች፤ በእሷ ቢደርስ ምን እንደምታደርግ አታውቅም።

በመጨረሻ ሮፓቲ መጣና የምንጣፉን ጫፍ ገለጠ። ፊት ለፊት ያገኛቸው እማማ ሳሎሜ ነበሩ።

"ይነሱ፣ እማማ" አለ። "ይበቃል።"

አለቀሱ። ጉልበቱን አቀፉት።

"ልጄን ግን ይዤ እሄዳለሁ" አለ።

ማንም አልከለከለውም።