ዋልልኝ የሳታት ጥያቄ

ዋልልኝን ያወቅሁት መብራት ስለጠፋ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ ወደሚሠራበት ፎቶኮፒ ቤት የባንክ ፈተና መለማመጃ ላባዛ ገብቼ፣ ማሽኑ ወረቀቴን እንደጎረሰ ቀረ። መብራቱ እስኪመጣ ብለን ጥያቄዎቹን አብረን ሠራን። ለካ እሱም ለዚያው ፈተና ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ መብራት ኖረም አልኖረም መሄዴን አልተውኩም።

የምትጥለኝ የስጋትና የትርፍ ጥያቄ ነበረች። አንዱ ኢንቨስትመንት ዐሥር በመቶ ያተርፋል፣ ብዙም አይዋዥቅም፤ ሌላው ሃያ ያተርፋል፣ ግን ከፍ ዝቅ ሲል ልብ ያወልቃል። ከትርፉ አንጻር ስጋቱ የሚያንሰው የቱ ነው? ዋልልኝ ስጋቱን ለትርፉ ያካፍልና የመጀመሪያውን ይከባል። ተሳስቶ አያውቅም። እኔ ግን ሃያ ሳይ እጄ ወደዚያ ይሄዳል።

«ፍሬ፣ ትርፉን ብቻ አትይ» ይለኛል፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ። እኔ ደግሞ የምፈልገው ዓይኑን እንዲያነሣ ነበር።

ፈተናው ሲቃረብ እናቴ ከጉና ደወለች። ባለወፍጮው ሙላቴ በፈተናው ማግስት፣ እሑድ፣ ሽማግሌ ሊልክ ነው፤ አባዬም ሰውየውን አይጠሉትም አለችኝ። እንቅልፍ የሚባል ጠፋ። ለዋልልኝ ነገርኩት።

«ፈተናው ይለፍ» አለ። «ቋሚ ሥራ የሌለውን ሰው አባትሽ ምን ብለው ይሰሙታል? አንዴ እንቢ ካሉ አለቀ።»

«አንተ ስታሰላ ሌላው ቢቀድምህስ?»

ወደ ጥያቄ ወረቀቱ ተመለሰ። ፈሪ ወደሽ እንግዲህ ቁጭ በይ፣ እያልኩ ራሴን ስሰድብ ቤቴ ደረስኩ። ከዚያም አለቀስኩ።

ቅዳሜ ተፈተንን። ያቺ ጥያቄ እንዳለች መጣች። ቀና ስል ዋልልኝ ፊቱ ዐመድ መስሎ እስክሪብቶውን ያሽከረክራል። ያስጠናኝ ሰው ምን ነካው? ለእሱ ስፈራ የራሴን ሳልጨርስ ልቀር ምንም አልቀረኝም።

ስንወጣ በሩ ላይ ጠበቀኝ።

«ሽማግሌ ልኬያለሁ» አለ። «ማለዳ ሄደዋል። ይህን ጊዜ እናንተ ቤት ቆመዋል።»

የግቢውን አጥር ተደገፍኩ። ደፋር ነኝ ባይዋ እኔ! ውጤት ሳይወጣ እንዴት እንዳደረገው ጠየቅሁት።

«ውጤቱ ከወጣ የወደቀ ልሆን እችላለሁ። ዛሬ ገና ተፈታኝ ነኝ» አለኝ።

በእኛ አገር ሽማግሌ እሺ እስኪባል አይቀመጥም። አጥሩ ሥር ስልኬን መሀላችን አስቀምጠን፣ እነሱ እዚያ እንደቆሙ፣ እኛ እዚህ ስንቆራጠጥ ቆየን። ስልኩ ሲጮህ እኩል ዘለልን። አባዬ ናቸው።

«ልጄ፣ ቋሚ ሥራ እንኳ የለውም አሉኝ። ሙላቴ ወፍጮ አለው። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ዋልልኝን አየሁት። ይህን ጊዜ ዓይኑን አላሸሸም።

«አባዬ፣ እኔ የምወደው እሱን ነው።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ጆሮዬ ላይ ጫንኩት። ከዚያ ድምፃቸው ራቅ ብሎ ተሰማኝ፤ ወደ ቤት ዞረው ነው የሚናገሩት።

«በሉ፣ ሽማግሌዎቹን አስቀምጧቸው።»

ውጤቱ ሲለጠፍ የእኔ ስም ነበረ፣ የዋልልኝ አልነበረም። አዝኜ፣ ያቺን ጥያቄ እንኳ ምን ብሎ እንደመለሳት ጠየቅሁት።

«ሁለተኛውን ከበብኩ።»

«ስህተት እኮ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ። «ሽማግሌ ልኬ ስጋቱ የሚያንሰውን ልክበብ ብል እጄ እንቢ አለኝ።»