በባዶ ሆድ

«ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሱም አይደል?» አለች ሲስተር ኦማይራ።

«ውሃ እንኳ!» አለ ሴጉንዶ።

ሴት ልጁ ኔይሊ ክው አለች። ጎህ ሳይቀድ፣ ከመንደር ወርደው ባደሩበት በአበልጃቸው በሮሳልባ ቤት፣ አባቷ የተጠበሰ ኩይ፣ ያንን ጥንቸል መሰል ትንሽ የቤት እንስሳ፣ በድንች ሲበላ በዓይኗ አይታለች። አበልጅ ምድጃ ሥር ሣር እያበላች ያሳደገችውን ኩይ አርዳ ስታቀርብ «አልበላም» ማለት ከስድብ ይቆጠራል።

ሲስተሯ የሚመረመርበትን ቱቦ አሳየቻቸው። ጥቁርና ቀጭን ነው፤ ጫፉ ላይ ከምስር የማትበልጥ መብራት ታበራለች።

«ካሜራው በአፍዎ ገብቶ የጨጓራዎን ግድግዳ በስክሪን ያሳየናል። ተኝተው ስለሚሆን አይሰማዎትም። ሆድዎ ባዶ ካልሆነ ግን ምግቡ ተመልሶ ሳንባዎ ሊገባ ይችላል። ሰው ይታነቃል።»

ሲስተሯ ወጣ ስትል ኔይሊ ተጠጋችው።

«አባዬ፣ ኩዩስ?»

«ዝም በይ! እግሩን ብቻ እኮ ነው።»

«ብትታነቅስ?»

«ስሚኝ፤ ዛሬ ካልገባሁ ዳግመኛ አልመጣም። እዚህ ድረስ እንዴት እንደመጣሁ እኔ ነኝ የማውቀው።»

አጎቷ የተቀበረው ይኸው ካሜራ በአፉ በገባበት ዓመት ነበር። መንደርተኛው «የተኛውን በሽታ ቀስቅሶበት ነው» ይላል። ኔይሊ የምታስታውሰው ግን አጎቷ ሐኪም ቤት የሄደው ከስቶ ካለቀ በኋላ መሆኑን ነው። አባቷም ካለፈው መከር ወዲህ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቷል።

ብትናገር ይሸሻል። ዝም ብትልስ?

ሲስተሯ በሩን ከፈተች። «ዶን ሴጉንዶ፣ ተራዎ ነው።»

አባቷ ባርኔጣውን አውልቆ አስያዛት። ያለ እሱ መንገድ ወጥቶ አያውቅም።

«ሲስተር» አለች ኔይሊ፤ ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። «በልቷል። ዛሬ ጠዋት።»

«አንቺ ልጅ!» ሴጉንዶ በጥፊ እንደተመታ ሰው አፈጠጠባት።

«መቼም አበልጅ ቤት አድረው ነዋ!» አለች ሲስተሯ ራሷን እየነቀነቀች። «እነዚህ አበልጆች ሥራ አስፈቱን እኮ! በሉ፣ ነገ ጠዋት ከሁሉም በፊት እናስገባዎታለን።»

«ነገ የሚባል የለም!» ወደ መውጫው ገሰገሰ። ደጃፉ ላይ እጁ ባርኔጣውን ፍለጋ ወደ ራሱ ሄደ፤ ባዶ ነው። ዞረ።

«ባርኔጣዬን አምጪ።»

ኔይሊ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ባርኔጣውን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ነገ፣ አባዬ። ከዚያ ክፍል ስትወጣ እሰጥሃለሁ።»