ከአራተኛው ፎቅ ውጭ የማይከፈት ገጽ

ሰኞ ጠዋት፣ ድረ ገጽ በሚዘጋው መሥሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ አምስት ሰዎች ነበሩ፦ አለቃው፣ ቴክኒሻኑ፣ ዘበኛው፣ የሟቹ እህትና መርማሪዋ። ሟቹን ሁሉም «አንባቢው» ይሉታል፤ ሥራው የሰው ጽሑፍ እያነበበ ይዘጋ ወይም ይለቀቅ ማለት ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከዚሁ ክፍል መስኮት ወድቆ ሞተ።

«ራሱን ነው የጣለው» አለ አለቃው። «ብቸኛ ሰው ነበር። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው።»

መርማሪዋ ቀና ብላ አየችው። እሷም ባል የላት፣ ልጅ የላት። ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ ደህና ዋይ የሚላት የለም፤ ሆኖም መስኮት የምትከፍተው ለአየር ብቻ ነው።

እህትየው መሐረቧን ጨመደደች። «ወንድሜ እንዲህ አያደርግም! ተኳርፈን ነበር። በእኔ የተነሳ ከሆነ ግን እንዴት አድርጌ እኖራለሁ?»

መርማሪዋ ዘበኛውን ወደ ኮሪደሩ ወሰደችው።

«አባባ፣ ቅዳሜ ማን ገባ?»

«በእኔ በር ከእሱ በቀር ዝንብ አልገባም፣ ልጄ። የጓሮውን በር ግን እኔ አልጠብቀውም፤ ቁልፉ አለቃና ይሄ ልጅ ጋ ነው። ሲወድቅ ሰምቼ ወዲያው ፖሊስ ጠራሁ። ክፍሉን አሽገውት ዛሬ ነው የተከፈተው።»

«ይሄ ልጅ» የተባለው ቴክኒሻን ቀጥሎ ተጠራ።

«ቅዳሜ የት ነበርክ?»

«ቤቴ ተኝቼ።»

«ማን አየህ?»

«ብቻዬን የምኖር ሰው ማን ያየኛል? ይኸው፣ ብቸኝነትም እዚህ ቤት ወንጀል ሆነ።»

«ከእሱ ጋር ትጨቃጨቁ ነበር ይባላል።»

«የሚዘጋውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ያነባል። ሥራ ሲጓተትብኝ እጮህበታለሁ። ‹ሳላነብ አልፈርድም› ይለኛል። በቃ፣ ጠባችን ይኸው ነው።»

አለቃው በተራው ተቀመጪ እንኳን አላላትም።

«እኔ ቅዳሜም እሑድም ከቤቴ ንቅንቅ አላልኩም። ያ ብቸኞች ውሏቸውን የሚጽፉበት ገጽ አለ፤ እዚያ ላይ የጻፈውን በስልኬ ሳነብ አንጀቴን በላው። ‹የሚጠብቀኝ ሰው የለም› ይላል። ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?»

መርማሪዋ በስልኳ ገጹን ፈለገች። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና እንደ ዋዛ ጠየቀች።

«እናንተ የዘጋችሁትን ሰው በሌላ መንገድ ይከፍተዋል የሚሉት እውነት ነው?»

«በእኔ ጊዜ? የእኛን አጥር ወፍም አያልፈው!»

ያኔ ሁሉንም በአንባቢው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«እስቲ ስልካችሁን አውጡና ይህን ገጽ ክፈቱ።»

በሁሉም ስልክ ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ መጣ፦ «ይህ ገጽ ተዘግቷል»። በአለቃውም ስልክ ላይ።

«ከየት ነው የሚከፈተው?» አለችው ቴክኒሻኑን።

«ከተዘጋ ሳምንት አልፎታል፤ ከዚህ ኮምፒውተር ብቻ ነው የሚከፈተው። አንባቢው ማየት ስላለበት አጥሩ እሱን አይነካውም።»

«እዚህ የሚሠራ ሰው ሁሉ ነገር ክፍት ስለሆነለት፣ ውጭ ላለው ዝግ መሆኑን ይረሳል» አለች መርማሪዋ፣ ገጹን በኮምፒውተሩ ላይ ከፍታ ወደ አለቃው እየዞረች። «ሟቹ የጻፈው ቅዳሜ፣ ሊሞት ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ሰዓቱ ከጽሑፉ ሥር አለ። ከዚያ ክፍሉ ታሸገ። አጥሩን ወፍም እንደማያልፈው ደግሞ ራስዎ ነግረውኛል። እንግዲህ ያነበቡት እቤትዎ ሆነው አይደለም። በጓሮ በር ገብተው፣ እዚህ ቆመው ነው።»

አለቃው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ገጹን በራሴ እከፍተዋለሁ ብሎ ደወለልኝ። ላስቆመው መጣሁ። ከኮምፒውተሩ ላርቀው ብዬ ገፋሁት... መስኮቱ ክፍት ነበር።»

«ግን ‹የሚጠብቀኝ የለም› ብሎ ጽፏል እኮ!» አለች እህትየው።

መርማሪዋ ወንበሩን ሳበችላት። «እሳቸው የነገሩን አንዷን መስመር ነው። ነይ እህቴ፣ ራስሽ አንብቢው።»

«የሚጠብቀኝ ሰው የለም። ስለዚህ ነገ ሳልጠበቅ እህቴ በር ላይ እቆማለሁ። ብታባርረኝም ፊቷን አያለሁ። አሁን ይህን የሚያይ የለም፤ ሰኞ ግን ገጹ ይከፈትላችኋል። ያኔ እንዴት ሆነልህ በሉኝ።»

እህትየው አንብባ ጨረሰች። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

«ልክፈተው?» አለ ቴክኒሻኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ማዘዝ የእኔ ሥራ አይደለም። አንብብና ፍረድ።»

ሁልጊዜ የሚቸኩለው ልጅ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው አነበበ።

አለቃው በጓሮ በር ተወሰደ። ገጹ ከምሳ በፊት ተከፈተ። እስኪመሽ ድረስ ብዙ ሰዎች «እንዴት ሆነልህ?» ብለው ጠየቁ። መልሱን እህትየው ጻፈችላቸው።