ሦስት ቁጥርን ማን አስነሳው?

ጋሼ ፋንግ ከሦስት ቁጥር ማሽን ጀርባ እንደተንበረከኩ፣ እስከ ትከሻቸው ማሽኑ ውስጥ ገብተው ሞተው የተገኙት ሠራተኛው ምሳ ላይ ሳለ ነው። ጡረታ ከወጡ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ወረርሽኙ ሲገባ መንግሥት በአስቸኳይ ዐዋጅ የጭምብል ፋብሪካዎችን ሁሉ በእጁ አድርጎ የማሽን ዐዋቂ ሲያፈላልግ፣ እሳቸውም ዕቃቸውን ይዘው ወደዚህ ወደ ቻንግህዋ ከተማ ፋብሪካ መጡ።

መርማሪ ሱዩን ስትደርስ ጥፋተኛዋ አስቀድማ ተመርጣ ነበር፤ ቱየት የምትባል፣ ከቬትናም የመጣች የማሽኑ ሠራተኛ።

«ሳታጠፋው ምሳ ሄዳ ነው» አሉ የፋብሪካው ባለቤት እትዬ ሺያው፣ ዓይናቸውን ከወለሉ ሳይነቅሉ። «ሽማግሌውም ማሽኑ እየዞረ እጃቸውን ሰደዱበት።»

«አይተዋል?»

«አላየሁም። ግን ሌላ ማን ይሆናል?»

የመንግሥት ተወካዩ አቶ ዲንግ ደግሞ ቱየት ወደ አገሯ እንድትመለስ የሚጠይቀውን ደብዳቤ ፈርመው ጨርሰዋል። ፋብሪካው ምን እንደሚያመርት፣ ለማን እንደሚልክ የሚያዙት እሳቸው ናቸው።

«እኔ የቢሮ ሰው ነኝ፤ ማሽን ነክቼ አላውቅም» አሉ። የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም።

ቱየት ዓይኗ አብጧል። «የኔ እመቤት፣ አጥፍቼዋለሁ! ጋሼ ፋንግ ራሳቸው ‹ሂጂ ብይ፣ ንፋስ ሊወስድሽ ነው› ብለው ሸኙኝ። ልጅ አለኝ፤ ከዚህ ከተባረርኩ ምን አበላዋለሁ?»

ሱዩን ማሽኖቹን አንድ በአንድ ዞረች። በየአናታቸው ላይ አረንጓዴ የበቆሎ ቺፕስ እሽግ ቆሟል፤ በአገሬው ልማድ ማሽን እንዳያስቸግር የሚቀመጥ፣ ጊዜው ካለፈበት ግን ማሽኑ ያኮርፋል የሚባልለት። እያነሳች የተጻፈበትን ቀን አነበበች። የሟቹን የመሣሪያ ሳጥን ከፈተች፤ የአቶ ዲንግን ቢሮም አስከፍታ አየች። ከዚያ ሁሉንም ሦስት ቁጥር አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ጋሼ ፋንግ ማሽን ሲከፍቱ መጀመሪያ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ማሽኑ መጥፋቱን ያዩና እሽጉን ያወርዳሉ» አለች ቱየት። «‹ይቅርታ፣ ትንሽ ላስቸግርህ› ይሉታል። ሲጨርሱ እሱኑ መልሰው ነው የሚያስነሱት።»

«ያወረዱት ይኸው፤ ሳጥናቸው ውስጥ ነበር። ስለዚህ ማሽኑ ጠፍቶ ነው የከፈቱት፤ ቱየት አልዋሸችም። ሥራቸውንም አልጨረሱም፤ ቢጨርሱ ይመልሱት ነበር፤ ጊዜው እስከ ሚያዝያ ነው፣ ገና አላለፈበትም። ታዲያ አሁን ማሽኑ ላይ ያለው ከየት መጣ?» አወረደችው። «ይሄ እስከ ኅዳር ይላል። የሌሎቹ ማሽኖች ሁሉ የሚያዝያ ናቸው። የኅዳር ያለው አንድ ካርቶን ብቻ ነው፤ እሱም፣ አቶ ዲንግ፣ እርስዎ ጠረጴዛ ሥር ነው። አንድ ጎድሎታል። ቢሮው ይቆለፋል፤ ቁልፉም አንገትዎ ላይ ነው።»

እትዬ ሺያው ማልቀስ ጀመሩ። «አቶ ዲንግ እሽግ ይዘው ከቢሮ ሲወጡ አይቻለሁ። ፋብሪካው ይዘጋል ብዬ ፈራሁና ልጅቷን አሳልፌ ሰጠሁ።»

አቶ ዲንግ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። «ሆስፒታሉ ሲደውል አረፈደ። ነርሶቹ አንድ ጭምብል ሳምንት ሙሉ ያደርጋሉ። ማሽኑ ላይ ‹አታስነሱ› የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ዐዋጁ ሥልጣን ሰጥቶኛል አልኩና ሰሌዳውን አነሳሁት። ሽማግሌው ምሳ የወጡ መስሎኝ! እሽጉ የለም፤ እንዲታዘዝልኝ አዲስ አስቀመጥኩ። እጄን አጋጥሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ጎንበስ አልኩ። ከዚያ ማስነሻውን ተጫንኩት። ዓይኔን ብገልጥ ኖሮ ጫማቸውን አይ ነበር።»

ሱዩን አፍንጫዋ ላይ ያለው ጭምብል ከዚሁ ፋብሪካ እንደወጣ ታውቃለች፤ እሱን አድርጋ መተንፈስ አሳፈራት።

አቶ ዲንግ ተነሥተው ቱየት ፊት ቆሙ፤ እስከ ወገባቸው አጎነበሱ።

«ይቅር በይኝ።»

«ደብዳቤዬን ሲፈርሙም እንዲሁ አቀርቅረው ነበር» አለች። «ቀና ይበሉና ይዩኝ።»

አቶ ዲንግ ቀና ማለት አቃታቸው።