ሰባት ደቂቃ የጎደለው ሩጫ

«ስንት ገባሁ?»

እናትየዋ ሃያ አምስተኛውን ዙር ጨርሳ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ ትንፋሿን ለመሰብሰብ እየታገለች ነው። ላቧ ከአገጯ እየተንጠባጠበ የሜዳውን አቧራ ያረጥባል። ልጅቱ ከድንጋይ ደረጃው ላይ ሳትነሳ ስልኩን አየች። ሰማንያ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ ይላል።

«ሰባ ሦስት» አለች። «ሰባ ሦስት ከምናምን።»

እናትየዋ ቀና አለች። «በእኔ ሞት በይ!»

«ላብሽን ጥረጊ እማ፣ ብርድ ይመታሻል።»

እናትየዋ መሐላውን ረሳችው። ፎጣውን ተቀብላ አንገቷ ላይ ጣል አደረገችና እዚያው ሜዳው ላይ ትከሻዋን ሰበቅ ሰበቅ አደረገች። የአርባ አንድ ዓመት ልብስ ሰፊ፣ በጠዋት፣ ሰው ባለበት ሜዳ። ልጅቱ ግራና ቀኝ ተመለከተች። ደግነቱ የክፍሏ ልጅ አልነበረም።

ውድድሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ እሁድ ነው፤ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር። የሜዳው ሃያ አምስት ዙር በሚያክለው አሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ ገመድ ይዘው የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ሰባ አምስት ደቂቃ ሲሞላ ገመዱ ይወጠራል። ከዚያ በኋላ የደረሰ ሰው ቁጥሩን ከደረቱ ላይ ፈትቶ፣ ከኋላ እያዘገመ የሚከተለው አውቶቡስ ውስጥ ይገባል። አምና እናትየዋ በአራት ደቂቃ ዘግይታ ደረሰች። ይባስ ብሎ የአውቶቡሱ ሹፌር የገዛ ደንበኛዋ ሆኖ ተገኘ። «እትዬ ይግቡ፣ ወንበር አለ» አላት በመስኮት ብቅ ብሎ። ሰውዬው ክፋት አልነበረውም፤ የለበሰው ሱሪ ግን እሷው ያሳጠረችው ነበር። በሳምንቱ፣ ከሱቋ ጎን ያለው ፀጉር አስተካካይ ሳይቀር «እትዬ፣ የአውቶቡሱ ትኬት ስንት ነው?» እያለ ይቀልድባት ጀመር። ከሰው ጋር አብራ ሳቀች። ቤት ገብታ ግን እራት ሳትበላ ተኛች።

ዘንድሮ ወደ ልምምድ ስትመለስ የሰዓት ነገር ለልጇ ተሰጠ። የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው አለቃ የለውም ይባላል። ማን እንዳለው እንጃ፤ የእናትየዋ አለቆች ስልክ ቁጥሯን የያዙ ሰዎች በሙሉ ናቸው። ስልኩን ይዛ ከሮጠች በየሁለት ዙሩ «ቀሚሴ ደረሰ ወይ?» የሚል ይደውላል፤ ካልያዘች ደግሞ ደንበኛ ወደ ሌላ ይሄዳል። ስለዚህ ልጅቱ በአሥራ አምስት ዓመቷ ሦስት ሥራ ያዘች፦ ዙር ትቆጥራለች፣ ሰዓት ትይዛለች፣ ለሚደውል ሁሉ «እየተሰፋ ነው፣ ትንሽ ነው የቀረው» ትላለች።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሰማንያ ስድስት ደቂቃ ሆነ። ልጅቱም ሰማንያ ስድስት አለች፤ ያኔ ገና መዋሸት አልጀመረችም። እናትየዋ ደረጃው ላይ ዘጭ ብላ ጫማዋን መፍታት ጀመረች። «ተይው በቃ። ሰው ዕድሜውን ማወቅ አለበት» አለች። ያን ቀን ሱቅ ውስጥ ማንንም አላናገረችም፤ የስፌት መኪናው ብቻ ተንጫጫ። ልጅቱ ደግሞ ሩጫው በቀናት ቀን እናቷ እንዴት እንደምትሆን አይታለች። መቀሱን እያንቀጫቀጨች ትዘፍናለች፣ ደንበኛ ታስቃለች፣ እሷን «አንቺ መርፌ» እያለች ጎኗን ትወጋጋለች። ያችን እናት ማጣት አልፈለገችም። በሁለተኛው ቅዳሜ ስልኩ ሰማንያ አራት ሲላት «ሰማንያ ሁለት» አለች። በሦስተኛው ከውሸቱ ላይ ደግሞ መቀነስ ነበረባት። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይላሉ፤ የእሷ ግን እያደር ከበደ። ይኸው በስድስተኛው ሰባት ደቂቃ ሞላ።

ደግሞም ሙያውን ከየትም አላመጣችውም። ሰባ ሦስት ባለችበት በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ቀሚስ ልትለካ መጣች። እናትየዋ ሜትሩን በወገቧ ዙሪያ አዙራ ያዘችና «ሰማንያ ሁለት!» አለች ጮክ ብላ። አስተማሪዋ ፈገግ አለች። እናትየዋ ወደ ደብተሯ ዞር ብላ ሰማንያ ዘጠኝ ጻፈች።

ልጅቱ ይህን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስታይ ነው ያደገችው። አንድ ጊዜ ለምን ብላ ጠይቃ ነበር። «ጆሮዋ ሰማንያ ሁለት ይስማ፤ ወገቧ ሰማንያ ዘጠኝ ይልበስ። ሁለቱም ደስ ይላቸዋል» ብላ መለሰችላት። እውነትም፣ ቀሚሱ ጠበበኝ ብላ የተመለሰች ሴት የለችም።

አስተማሪዋ እንደ ወጣች እናትየዋ ሜትሩን አንገቷ ላይ እየጠመጠመች «ወስኛለሁ» አለች። «የአዲሱን ሆቴል የደንብ ልብስ ሥራ እቀበላለሁ። ሃያ አራት ኮት፣ ሃያ አራት ሱሪ። ሰውዬው ሰኞ ጨርቁን ይዞ ይመጣል።»

«በስንት ጊዜ?»

«በሦስት ሳምንት። ሆቴሉ የሚከፈተው ከውድድሩ በፊት ባለው አርብ ነው።»

«ሩጫውስ?»

«ሰባ ሦስት ከገባሁ ምን ያሯሩጠኛል? የማክሰኞና የሐሙሱን እተወዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እግሬን ካፍታታሁ ይበቃኛል።» ሳቀችና ልጇን ጉንጯ ላይ ቆንጠጥ አደረገቻት። «እንዲህ ያለ ሥራ በዓመት አንዴም አይመጣ። ሁለቱም ባንድ ጊዜ ሲሳካልኝ አይገርምሽም?»

ልጅቱ ይገርማል አለች።

እሁድን ልናገር አልናገር ስትል ዋለች። ጠዋት እናትየዋ ልብስ ስታጥብ አጠገቧ ቆመች፤ እናትየዋ ባልዲውን እንድታቀብላት ጠየቀቻት፣ አቀበለቻት። ከምሳ በኋላ «እማ» ብላ ጀመረች፤ ስልክ ተደወለ። ስልኩ ሲዘጋ ድፍረቷም አብሮ ተዘጋ።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ለወንበር ጓደኛዋ ነገረቻት። ጓደኛዋ ብስኩቷን እየቆረጠመች ሰማቻት።

«አቦ ፈታ በይ! ሰባት ደቂቃ ምን አላት? የውድድሩ ቀን ሰው ሲያጨበጭብላት ትበራለች።»

«አምናም አጨብጭበውላታል።»

«እና ንገሪያታ።»

«ከነገርኳት ትተወዋለች።»

«ካልነገርሻትስ?»

ልጅቱ አውቶቡሱን አሰበች። አምና እናቷ በሰባ ዘጠነኛው ደቂቃ ነው ገመዱ ጋ የደረሰችው። አሁን ሰማንያ ናት፤ ልምምዱን ስትተው ደግሞ ይብስባታል። ያውም ሰባ ሦስት እገባለሁ ብላ ተማምና ሄዳ፣ ለፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር አውርታ። ሹፌሩ እንደገና በመስኮት ብቅ ይላል።

«ወይ ጣጣ!» አለች ጓደኛዋ። «እኔ ብሆን አመመኝ ብዬ እስከ ውድድሩ እተኛለሁ።» ደወሉ ተደወለና ወደ ክፍል ገቡ።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ቀድሟት ደርሷል። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ ጥቁር ሰማያዊ የጨርቅ ጥቅል ጉልበቱ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፏል። እናትየዋ የጨርቁን ጫፍ በጣቶቿ እያሸች ነው፤ ጥሩ ጨርቅ ስታገኝ እንደዚያ ታደርጋለች።

«እንግዲህ እትዬ፣ ቁርጡን ይንገሩኝ» አለ ሰውዬው። «አርብ ከሰዓት ሃያ አራቱም ሠራተኛ ለብሶ መቆም አለበት። ይደርስልኛል?»

እናትየዋ አፏን ከፈተች።

«እማ፣ አንድ ጊዜ ነይ።»

«እንግዳ ፊት ምንድነው? ቆይ…»

«አሁን ነው።» ልጅቱ የእናቷን እጅ ይዛ ወደ መለኪያው መጋረጃ ጎተተቻት።

መጋረጃው የሚጋርደው አንድ ሰውና አንድ መስታወት ብቻ ነው። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተጣበው ቆሙ። ልጅቱ ወደ እናቷ መዞር አልቻለችም፤ መስታወቱ ውስጥ ላለችው ሴትዮ ተናገረች።

«ቅዳሜ ሰባ ሦስት አልነበረም። ሰማንያ ነው። ሰማንያ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ።»

እናትየዋ ያልገባት መሰለች። «ምኑ ነው ሰማንያ?»

«የገባሽበት።»

«ከዚያ በፊት ያለው ቅዳሜስ? ሰባ አምስት ያልሽኝ?»

«ሰማንያ አንድ።»

ከመጋረጃው ወዲያ ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ። እናትየዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለምን?»

«ትተይዋለሽ ብዬ ነው።» ልጅቱ በዚህ ብታቆም ደግ ነበር። አላቆመችም። «አንቺስ ለደንበኞችሽ ዝቅ አድርገሽ ትነግሪያቸው የለ?»

እናትየዋ መስታወቱ ውስጥ አየቻት። ፊቷ አልተቆጣም፤ ልጅቱ ቁጣውን በመረጠች ነበር።

«የደንበኛ ወገብ አይሮጥም» አለች። «ደግሞ እኔ ልብሳቸውን የምቆርጠው በነገርኳቸው ቁጥር አይደለም፤ እውነተኛውን ጽፌ ይዣለሁ። አንቺ የት ጻፍሽው?»

«የትም።»

«አየሽ? እኔን በነገርሽኝ ቁጥር ቆረጥሽኝ።»

ልጅቱ አፈረች። እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋላት። እናትየዋ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ለሰውዬው። «አይደርስልኝም።»

«እንዴ! አሁን እኮ ፊትዎ እሺ ብሎ ነበር።»

«ፊቴ ተሳስቶ ነው። ከዚያ አርብ በኋላ ቢሆን…»

«ከዚያ በኋላማ ምን ያደርግልኛል? ሌላ ሥራ ያዙ?»

«ሩጫ አለብኝ።»

«ምን ሩጫ? የእግር ሩጫ?»

«የእግር።»

ሰውዬው እግሯን አየ፣ ፊቷን አየ፣ እየቀለደች እንዳልሆነ ሲገባው ጥቅሉን ታቅፎ ተነሣ። «እንግዲህ ይቅናዎት፤ ያሸንፉ» አለ።

«ማሸነፉስ ይቅርብኝ።»

ጨርቁ በበሩ ሲወጣ ሁለቱም በዓይናቸው ሸኙት። ቆንጆ ጨርቅ ነበር።

እናትየዋ የአንድ ሱሪ እግር ማጠፍ ጀመረች፤ አጣማ ሰፋችው፤ ፈታችው። ልጅቱ ከመደርደሪያው ላይ ቁልፍ የሚጠብቁ ሸሚዞች አውርዳ፣ በርጩማዋን ከእናቷ ፊት ለፊት አስቀምጣ፣ ቁልፍ መስፋት ጀመረች። ማንም አላዘዛትም። እናትየዋም ተይው አላለቻትም። ፀጉር አስተካካዩ በበሩ አንገቱን አስግጎ «ምነው፣ ዛሬ ዘፈን የለም?» ብሏቸው አለፈ።

«የመጀመሪያው ስንት ነበር?» አለች እናትየዋ ከስፌቷ ቀና ሳትል።

«ሰማንያ ስድስት።»

«እሱን ነግረሽኛል። ከዚያስ? እውነቱን።»

ልጅቱ ማሰብ አላስፈለጋትም፤ ቁጥሮቹን ለብዙ ሌሊት ይዛቸው ተኝታለች። «ሰማንያ አራት። ሰማንያ ሦስት። ሰማንያ ሁለት። ሰማንያ አንድ። ሰማንያ።»

መኪናው ቆመ። እናትየዋ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቁጥሮቹን ለራሷ ደገመቻቸው።

«ለካ በራሱም እየቀነሰ ነበር» አለች።

ልጅቱ እጇ ላይ ያለውን ቁልፍ አየች። አምስት ቅዳሜ ሙሉ ከውሸቱ ላይ ስትቀንስ፣ እውነቱም ከሥር እየቀነሰ መሆኑን ልብ ብላ አታውቅም። መናገር የነበረባት ያለውን ብቻ ነበር። አለቀሰች ማለት አይቻልም፤ ግን መርፌው ለትንሽ ጊዜ ቀዳዳውን አጣባት።

«አምስት ደቂቃ ይቀረኛል» አለች እናትየዋ። «ሦስት ሳምንት አለ። ማክሰኞም፣ ሐሙስም፣ ቅዳሜም ብሮጥ፣ ገመዱ ጋ የምደርስ ይመስልሻል?»

«ትደርሻለሽ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ተሰናድቶ ነበር። ቀላል ነው። እናቷም ትስቃለች፤ ምናልባትም ትዘፍናለች።

«አላውቅም እማ» አለች።

እናትየዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ከመጋረጃው ከወጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጇን ቀጥ ብላ አየቻት።

«እኔም አላውቅም» አለች። «ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ እንሁን።»

ልጅቱ ሸሚዙን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ስልኩን አነሣች፤ ማንቂያውን ለአሥራ አንድ ተኩል ሞላችው።