በአቶም የሚሄደው መኪና

መርማሪዋ ስትደርስ መሐንዲሱ አሁንም እንደሞተ ከመኪናው መሪ ኋላ ተቀምጦ ነበር። የወርክሾፑ ሁለት የብረት በሮች ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ ደፍሮ የሚገባ ግን አልነበረም። ፖሊሶቹ ከመንገዱ ማዶ ቆመዋል። አንድ ሽማግሌ ወፍራም ጓንት አጥልቀው፣ በእጃቸው የያዙት የጨረር መለኪያ ጠቅ ጠቅ እያለ፣ ሰውን ሁሉ ወደ ኋላ ይመልሳሉ።

«አንድ እርምጃ እንዳታልፉ! ጨረር ነው! ሳጥኑ አፍስሷል!»

መርማሪዋ ድምፁን ስትሰማ ክው አለች። ከሃያ ዓመት በፊት ፊዚክስ ያስተማሯት መምህር ናቸው። ባልደረቦቿ አፏን ቆጥባ ስለምትናገር «ጭምቷ» ይሏታል፤ ይህን ጠባይ ያወረሷት እኚሁ ሰው ነበሩ። «ሳትለኪ አትናገሪ» እያሉ ነው ያሳደጓት።

«መምህር፣ እኔ ነኝ» አለቻቸው ጎንበስ ብላ።

«አንቺ ነሽ ልጄ? እንኳን አንቺ መጣሽ!» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ወዳጄን ገደልኩት። በእጄ የሠራሁለት ነገር ፈጀው።»

ሰፈሩ በሙሉ ታሪኩን ያውቀዋል። መሐንዲሱና መምህሩ ስምንት ዓመት ሙሉ ነዳጅ የማይጠይቅ መኪና ሲሠሩ ኖረዋል። አካሉና የኤሌክትሪክ ሞተሩ የመሐንዲሱ ድርሻ ነው፤ ከኋላ ወንበር ሥር የተቀመጠው፣ የአቶም ኃይል ያመነጫል የተባለው የታሸገ ግራጫ ሳጥን ደግሞ የመምህሩ። አንዴ ከተሞላ አምስት ዓመት ይነዳል ተብሎለታል። በሚቀጥለው ሳምንት ከሳይንስ መሥሪያ ቤት ልዑካን ሊያዩት ይመጣሉ፤ ሥራው ካማራ መምህሩ አዲሱን የምርምር ተቋም እንዲመሩ ታጭተዋል።

«ልግባና ልየው» አለች ጭምቷ።

«አብደሻል? መለኪያውን አትሰሚውም?»

«ሁለት ደቂቃ ብቻ፣ መምህር።»

ፈርታለች። ቢሆንም ሰው ሞቶ ከመንገድ ማዶ አይታ የተመለሰችበት ቀን የለም። ገባች።

መሐንዲሱ የተኛ ይመስላል። ነጭ ሸሚዙ ከልብስ ሳጥን እንደወጣ ንጹሕ ነው፤ እጆቹም እንደዚያው። በጓንት ከንፈሩን ገለጥ አድርጋ አየች፤ ውስጡ ፍም መስሏል። የጥፍሮቹ ሥርም ቀልቷል። ማስመለስ የለ፣ መንፈራገጥ የለ። የመስኮቶቹ መስታወት እስከ ላይ ተዘግቷል። ከጎኑ ካለው ወንበር ሥር ምንጣፉ ተነስቶ ቡጢ የሚያሾልክ አዲስ ቀዳዳ ይታያል፤ ጠርዙ ላይ ጥቁር ግራሶ ተለድፏል። ዝቅ ብላ ጎማዎቹን አየች፤ በደንብ የተነፉ ናቸው። ሞላዎቹም ባዶ መኪና እንደተሸከሙ ቀጥ ብለው ቆመዋል። እዚያ ላይ ትንሽ ቆየች።

አስከሬኑን ያገኘው የሟች ታናሽ ወንድም በያጅ ነው። ግቢው ጥግ ባለ ባዶ በርሜል ላይ ተቀምጦ ግንባሩን ያሻል።

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ቁርጥራጭ ብረት ተራ። ቧንቧ ፈልግ ብለው መምህሩ ላኩኝ። ስመለስ በሩ ተዘግቷል። ከፈትኩ፣ ወንድም ጋሼን ጠራሁ፣ ነቀነቅኩት... ከዚያ ራሴን ሊፈነክተኝ ደረሰ። መምህሩ ዘንድ ስደውል ጨረሩ ነው፣ ውጣ አሉኝ።»

«አሁንስ ያምሃል?»

«ውጪ ስቀመጥ ተወኝ።»

«ከወንድምህ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

በያጁ ቀና አለ። «አዎ፣ ሌላ ቦታ ሥራ ይዤ ልሄድ ነበር። ስምንት ዓመት አንድ መኪና ስበይድ ሰለቸኝ። ግን ሰው በዚህ ወንድሙን ይገድላል?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ልንገርሽ። ከትናንት ወዲያ መኪናውን ብቻውን ይዞ ወጣ። ከከተማ ውጪ ቀጥ ብሎ ቆመበትና ጎትቼ አመጣሁት። ‹ለመምህሩ ትንፍሽ እንዳትል› አለኝ።»

«ከዚያ በፊት ርቆ ሄዶ ያውቃል?»

«የት ሄዶ! መምህሩ መች ይፈቅዱና። እዚሁ ግቢ ውስጥ አምስት ደቂቃ፣ ቢበዛ አሥር። የሚያጉረመርመው የማቀዝቀዣው ፓምፕ ነው፤ ማቀዝቀዣውን ፈሳሽ ራሳቸው በጀሪካን እያመጡ ይሞላሉ።»

«ሳጥኑን ማን አስገባው?»

«እኔና ወንድም ጋሼ። ግራና ቀኝ ይዘን።»

የሟች ባለቤት የመድኃኒት ቤት ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ከሥራ ቦታዋ ሮጣ መጥታ፣ አጥሩን ተደግፋ ቆማለች። ጭምቷ ቀስ ብላ ቀረበቻት።

«ሰሞኑን ምን ሆኖ ነበር?»

«ከትናንት ወዲያ ሲገባ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ‹የምታምኚው ሰው ቢዋሽሽ ምን ታደርጊያለሽ?› አለኝ። እኔን የጠረጠረ መሰለኝና ጮህኩበት። ትናንት ሙሉ ቀን ተኳርፈን ዋልን። ዛሬ ጠዋት ሲወጣ ግንባሬን ስሞኝ ሄደ።» ጭምቷን ክንዷን ያዘቻት። «እንዳልነካው ከለከሉኝ። አምስት ሰዓት ሙሉ ከዚህ ሆኜ አየሁት።»

ጭምቷ ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠየቀችም። ሁሉንም ግቢው መሃል ሰበሰበችና ወደ መምህሩ ዞረች።

«መምህር፣ መለኪያውን ለእሷ ይስጧት።»

«ከእኔ እጅ አይወጣም። አደገኛ ነው።»

«ይስጧት።»

አንዱ ፖሊስ ተቀብሎ ለባለቤቲቱ ሰጣት። እሷም ወደ መኪናው ተራመደች። በሩ ጋ ስትደርስ የመለኪያው ድምፅ ተቋረጠ። ከግራጫው ሳጥን ላይ ስትደግነው አንዲት ጠቅ ብቻ ብሎ ዝም አለ።

«አሁን ወደ መምህሩ ይዘሽው ነዪ።»

ጠቅ። ጠቅ ጠቅ። አጠገባቸው ስትቆም መለኪያው እንደ ዝናብ ወረደ። ፖሊሱ ከኮታቸው ኪስ ሳንቲም የምታህል ክብ ነገር አወጣ።

«የክፍላችን የጨረር ናሙና ናት» አለች ጭምቷ። «በየተራ እየያዝናት ‹ይህቺ አትጎዳም› ይሉን ነበር። መኪናው ውስጥ ጨረር የለም። ኖሮም አያውቅም።»

«ልጄ፣ ተሳስተሻል...»

«እርስዎ ያስተማሩኝን ነው የምናገረው። መኪና የሚነዳ የአቶም እሳት ሰው አጠገብ እንዲቀመጥ በብዙ ቶን እርሳስና ኮንክሪት መታጠር አለበት። ያንን የተሸከመ መኪና ሞላው ይቀመጣል፣ ጎማው ይተኛል። ይህን ሳጥን ግን ሁለት ወንድማማቾች በእጃቸው አንስተው አስገቡት። ደግሞ ጨረር የፈጀው ሰው ያስመልሰዋል፣ ቀናት ይሰቃያል፤ ከንፈሩ ቀልቶ እንደ ተኛ ሰው አይሞትም። እንደዚያ የሚገድለው የሞተር ጭስ ነው። በያጁን ራሱን ያመመውም እሱ ነው።»

በያጁ ከበርሜሉ ላይ ተነሳ። «የምን ጭስ? መኪናው ጭስ የለውም!»

«ሳጥኑን ክፈተው።»

መምህሩ ዘግተው ያመጡትን ክዳን የበየደው እሱ ራሱ ነበር፤ መቁረጫውን አንስቶ እሱው ቆረጠው። ክዳኑ ሲነሳ ትንሽ የቤንዚን ሞተር፣ ከጎኗ ጄኔሬተር፣ ከሥሯ ደግሞ ባዶ የነዳጅ ጋን ብቅ አሉ። በያጁ መቁረጫውን ጣለና መሬት ላይ ዘጭ አለ።

«ስምንት ዓመት...» አለ።

ጭምቷ ቀጠለች። «ከትናንት ወዲያ፣ ማቀዝቀዣ እያሉ የሚሞሉት ቤንዚን አልቆ መንገድ ላይ ቆመ። አምስት ዓመት ይሄዳል የተባለ መኪና! መሐንዲሱ ያኔ ነቃ። ትናንት ሲጠይቅዎት ‹ነገ ሁሉንም አሳይሃለሁ› አሉት፤ ዛሬ ጠዋት ወንድሙን ልከው ‹ግባና ጠቋሚውን ተመልከት› ብለው አስቀመጡት። የማቀዝቀዣ ነው የሚሉትን የጭስ ማውጫ ቧንቧ አስቀድመው ወደ ወንበሩ ሥር አዙረውት ነበር። ጥቂት ቤንዚን ጨምረው ሞተሩን አስነሱና በሩን ዘግተው ወጡ። ቤንዚኑ ሲያልቅ ሞተሩ ጠፋ።»

«ራሱ ቢያደርገውስ?» አሉ መምህሩ። ድምፃቸው ተሰብሯል።

«ቧንቧውን የነካ ሰው በግራሶ ይጨማለቃል። የእሱ እጅና ሸሚዝ ንጹሕ ነው። ወንድሙ ሳጥኑ እውነተኛ መስሎት ኖሯል፤ ሚስቱም እንደዚያው። በጭስ ሊገድል የሚችለው ከሳጥኑ ጭስ እንደሚወጣ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። በሕይወት ካሉት የሚያውቀው ደግሞ አንድ ሰው ነው። አምስት ሰዓት ሙሉ ሰውን የመለሱት ጭሱ ተኖ እስኪያልቅ ነው። ጓንትህን አውልቅ።»

«ጓንትህን» ስትል ራሷም ሰማችው። በሕይወቷ «አንተ» ብላው አታውቅም ነበር።

አወለቀ። ጥፍሮቹ ሥር ታጥቦ ያልለቀቀ ጥቁር ግራሶ ነበር።

«የመጀመሪያው ዓመት ላይ ስሌቱ አልሆነም» አለ መሬት መሬት እያየ። «ትልቅ መርከብ ይሸከመዋል፤ መኪና አይችልም። ልነግረው ሄድኩ። በሩ ላይ ጠብቆኝ፣ እንደ ሕፃን እየሳቀ ‹ዛሬስ ምን ይዘህልኝ መጣህ?› አለኝ። አፌን ያዘኝ። ለጊዜው ብዬ ሞተሯን አስገባሁ። ከዚያ ጋዜጣው ጻፈ፣ ሰው አከበረኝ፣ ተቋሙም መጣ። ትናንት ‹አይቻልም ማለት ያንተ ፈንታ ነበር› ሲለኝ... ሊያዋርደኝ ነው ብዬ አሰብኩ።»

ባለቤቲቱ ይህን ስትሰማ ድንገት የጋዋኗን ኪስ ዳበሰች። የታሸገ ፖስታ አወጣች።

«ጠዋት ስሞኝ ሲወጣ ‹ፖስታ ቤት ጣዪልኝ› ብሎ ሰጠኝ። ከአእምሮዬ ወጥቶ...»

አድራሻው የሳይንስ መሥሪያ ቤቱ ነው። ጭምቷ ፖስታውን ቀዳ ደብዳቤውን አወጣች። ከግማሽ ገጽ አይበልጥም፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው።

«መኪናችን በአቶም ኃይል አይሄድም፤ ልዑካኑ ባይደክሙ ይሻላል። ስህተቱ የእኔ ነው። ወዳጄ መምህሩ እንደማይሆን ደጋግመው ነግረውኛል፤ ግትር ሆኜ አልሰማኋቸውም። በእኔ ጥፋት የእሳቸው ስም እንዳይነሳ እለምናለሁ። ለተቋሙ ከእሳቸው የተሻለ ሰው አታገኙም።»

ፖሊሱ ካቴናውን እያሰረው ሳለ መምህሩ አንገቱን ወደ ወረቀቱ አሰገገ።

«አንዴ ድገሚልኝ» አላት። «እባክሽ ልጄ፣ አንዴ ብቻ።»

ጭምቷ ወረቀቱን አጥፋ ለባለቤቲቱ ሰጠቻት። ባለቤቲቱም ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛው፣ ማንም ሳይከለክላት ወደ ባሏ ገባች።